ሦስት ነን ያልን ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ጧት፣ የመድኃኒት ቤቴን በር ከፍቼ ገና የመደርደሪያውን አቧራ ሳላራግፍ ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ምናሉ ነበር፤ ከቻግኒ። እኔና ምናሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ፣ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ተባብለን ስልክ የምንዘጋ ሰዎች ነን። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ስኳሩ ጠንቶበት አንድ እግሩን ስለቆረጡት፣ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ጠይቄው፣ ትንሽ ቀረብ ብለናል።

"እንዴት አደርህ ጋሼ?" አልኩት።

"አለሁ እንዲያው፣ ቁጭ ብዬ" አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። የቤት ሠራተኛዋ ጥላው ሄዳለች። ሚስቱ ከተለየችው ቆይታለች። ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ በስልክ ያዝኑለታል። "እስቲ ባንቺ፣ ለየሺ ደውይላት። መጥታ ታስታምመኝ። እማምዬን ሰባት ዓመት ያስታመመች፣ እጇ የለመደ ነው። ደግሞስ እህታችን አይደለች?"

እህታችን አይደለች? እንዲህ ነው ያለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ደሜ ከእግሬ ጥፍር ተነሥቶ ጆሮዬ ላይ ሲደርስ ተሰማኝ።

"የትኛዋ እህታችን?" አልኩት።

"ተይ እንግዲህ፣ ያለፈን ነገር…" ብሎ ሲጀምር ዘጋሁበት። አንድ ሽማግሌ የሐኪም ወረቀት ይዘው ከፊቴ ቆመው ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ለታዘዘላቸው ሰውዬ የዓይን ጠብታ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ደግነቱ እሳቸው አገላብጠው አዩትና "ልጄ፣ እኔ እንኳ ሆዴን ነበር ያመመኝ" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ለወጥኩላቸው። ያን ቀን በሙሉ ዳንግላ ውስጥ ያናገረኝን ሰው ሁሉ ያለ ጥፋቱ ተቆጥቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። አንድ ክረምት ነው፤ አንድ ቤት ነው፤ አንዲት ሴት ናት።

ቤቱ እንጅባራ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የነበረው ያባታችን ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ደግሞ ተሰንጥቆ የተጠለፈ ቀርከሃ ነበር። ከጓሮው በኩል ራሱ የቀርከሃ ዱር ነበረን፤ ንፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ ዝናብ መጣ አስብሎ የተሰጣ ልብስ ያስለቅም ነበር። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፤ እንጅባራ ዝናብ የሚያባራበትን ወር ያወቀ ሰው ካለ ይንገረኝ። ያ ሁሉ ዝናብ የሸረሸረውን ግድግዳ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ጭቃ አቡክታ፣ ጭድ ቀላቅላ፣ እስከ ክርኗ ተነክራ የምትመርገው የሺ ነበረች። እኔ ውሃ አቀብላለሁ፤ ወንድሞቼ ለእንቁጣጣሽ ይመጡና "ቤቱ ዘንድሮ አምሮበታል" ይላሉ።

የሺን እታለም ነበር የምላት። ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። እኛን የወለደችን እናት አልወለደቻትም። የእሷ እናት ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ባለው ገጠር የምትኖር፣ አውኝኛ ተናጋሪ፣ ከእማምዬ ጋር ገበያ ላይ ድንች የምትሸጥ ወዳጅዋ ነበረች። ሴትዮዋ በወለደች በሳምንቷ ሞተች። የዚያን ሰሞን እማምዬም አንድ ሕፃን ቀብራ፣ ጡቷ ወተት ሞልቶት፣ ልቧ ባዶ ሆኖ ተኝታ ነበር። ሕፃኗን አመጡላት። በአገሩ ወግ መሠረት ሦስት ሽማግሎች ተቀመጡ፤ እማምዬ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባቻት፤ አባታችን ተነሥቶ "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት፤ ከልጆቼ ለይቼ ባያት እግዜር ይለየኝ" ብሎ ማለ። እንዲህ የመጣ ልጅ የጡት ልጅ ይባላል። የጡት ልጅ ልጅ ነው፤ በቃ። እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት አድጌ ነው እንጂ የሺ ከእኛ የተለየች መሆኗን የሚያሳይ አንዳች ነገር ቤታችን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

አይ፣ ልዋሽ አልፈልግም። አንድ ነገር ነበር። አባታችን ሲሞት ከትምህርት ቤት የወጣችው እሷ ናት። አራተኛ ክፍል ሳትደርስ። ለምን እሷ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም እያደግሁ አልጠየቅሁም። እማምዬ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ ስትተኛም ከአልጋዋ ሥር የተገኘችው እሷ ናት። ሰባት ዓመት። ጧት አገላብጣ፣ አጥባ፣ አብልታ፣ ከዚያ ድንች ቀቅላ በሳፋ ተሸክማ መናኸሪያ ትወርዳለች። ትኩስ ድንች፣ ሚጥሚጣ ነስንሳበት፣ ለመንገደኛ። የባሕር ዳር አውቶቡስ ሲቆም በመስኮቱ ሥር የምትሮጥ ሴት ነበረች። እኔ በዚያ ድንች ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት። ሁለት ጊዜ ሊያጯት መጥተው "እናቴን ለማን ጥዬ?" ብላ መልሳቸዋለች።

እማምዬ ስትሞት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዓመት ሞልቶ ተዝካሯ ከወጣ በኋላ፣ ሰኔ ሲገባ፣ ምናሉ ከቻግኒ መጣ። ያኔ እህል ነጋዴ ነው፤ ቦርጩ ከሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። አብሮት አንድ የከሰል ነጋዴ ይዞ መጥቷል። የዚያን ጊዜ አዲስ ቅዳም አካባቢ ገብስና ድንች የነበረበት ማሳ ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተተክሎበት፣ አንዳንዱ ሰው በአንድ ክረምት ከገበሬነት ወደ ባለመኪናነት የተሻገረበት ዘመን ነበር። ባጃጅም እንጅባራን ማጥለቅለቅ የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። ሰውዬው ጥፋት የለበትም። መንገድ ዳር ቦታ ፈለገ፤ እኛ ቦታ ነበረን። ግቢውን በእርምጃ ለካ፤ ቀርከሃውን አየና "ይሄ ይመነጠራል" አለ።

የሺ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። "ምን ፈልጎ ነው?" አለች ምናሉን።

"ቤቱ ሊሸጥ ነው" አለ፣ የዛሬ ምሳ ሽሮ ነው እንደማለት። "ሁላችንም የየራሳችን ኑሮ አለን። ባንቺም ኮሌጅ ልትገባ ነው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ መቼም መጠጊያ አታጪም።"

መጠጊያ። ዛሬም ይህን ቃል ስሰማ ያ ሳሎን ድቅን ይልብኛል። ራሷ በገዛ እጇ የመረገችው ግድግዳ ሥር ቆማ ስለ መጠጊያ ይነግራታል። ከሰዓት የሺ ድንቿን ይዛ መናኸሪያ ከወረደች በኋላ ለእኔና ለደሴ ነገሩን ገላልጦ ነገረን። ደሴ ሁለተኛው ወንድማችን ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በዕድሜው አንድም ቀን "እኔ እንዲህ ይመስለኛል" ብሎ የማያውቅ ሰው። ምናሉ "የሺ የሥጋ ልጅ አይደለችም፤ ድርሻ የላትም" ሲል ደሴ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፈቀፍቅ ነበር።

እኔ ጮኽኩ። ይህን ማንም አይወስድብኝም፤ ጮኼያለሁ። "እማምዬ ብትሰማህ!" አልኩት። "በማር የገባችን ልጅ!"

"ማር ሲያልሷት አየሽ? ያኔ አንቺ አልተወለድሽም" አለኝ።

በማግሥቱ ጧት ምንም ሳልናገር በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄድኩ። ከዚያ በእግር ነው። ሰኔ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሳይሆን እግር የሚይዝ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማዬ ሁለት ጊዜ ተነቅሎ ቀርቶ በእጄ አውጥቼዋለሁ። ጭጋጉ ከመሬት ሳይነሣ ያረፍዳል። በግራም በቀኝም ለከሰል የተተከለው ዛፍ፣ ከሥሩ የሚጤሰው የከሰል ክምር፣ መንገድ ዳር የተደረደረው ጆንያ። ሁለት ሰዓት ሄጄ አያ ስንሻው ቤት ደረስኩ። አያ ስንሻው ከሦስቱ ሽማግሎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሰኔ ጾም ነበርና የተቀቀለ ድንችና የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ። የመጣሁበትን እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ማን ነው አይደለችም ያለው?" አሉኝ።

"ጋሼ ምናሉ ነው፣ አያ።"

ሣቁ። የንዴት ሣቅ አልነበረም፤ የምር ሣቁ። ከዚያ ተነሥተው ፈረሳቸውን በአውኝኛ እያናገሩ መጫን ጀመሩ። "ዛሬውኑ?" ብላቸው "ታዲያ ነገ ያልኖርኩ እንደሆነስ?" አሉኝ። ከሣር የተሠራ ጊሳቸውን ለዝናቡ ደርበው እሳቸው በፈረስ፣ እኔ ከኋላ በእግር፣ ከዚያም አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እኔ በሚኒባስ፣ ከሰዓት እንጅባራ ገባን። ፈረሱ ከእኔ ብዙም አልዘገየም።

ሽምግልናው የተቀመጠው እዚያው ሳሎን ነው። ሁለት የሠፈር ሽማግሎች ተጨመሩ። የሺ በሩ አጠገብ፣ ለመውጣትም ለመግባትም በሚመች ቦታ ተቀመጠች። ምናሉ ብዙ ተናገረ፤ ሕግ አለ፣ ማስረጃ አለ፣ መንግሥት አለ። አያ ስንሻው ሁሉንም ሰሙትና እንዲህ አሉት፦

"ምናሉ፣ አንተም እኮ ነበርህ። ስምንት ዓመት ቢሆንህ ነው። ሥርዓቱ አልቆ እኛ ስንመርቅ፣ የተረፈውን ማር ከጣባው በጣትህ ጠርገህ የላስኸው አንተ ነህ። እናትህ ስትቆጣህ 'ለእህቴ የተረፈ ነው' አልህ። እኛ ሁላችን ሣቅን። ረሳኸው?"

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የሺ እንኳ ሣቀች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ። ምናሉ ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ። እሱም በመጨረሻ ፈገግ አለና ተነሥቶ የአያ ስንሻውን ጉልበት ሳመ። "እህቴ ናት። እኩል ድርሻዋን ታገኛለች። ተሳስቼ ነበር" አለ። ሁሉ ሰው ሰምቷል። ምርቃት ሆነ። ሽሮ ቀረበ፤ ከአንድ መሶብ በላን። ምናሉ የሺን አጎረሳት።

ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። አንዱ የሠፈራችን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ "በወረቀት ይስፈር፤ ሁላችንም እንፈርምበት" ብለው ነበር። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ላመጣ ብድግ አልኩ። የከለከለችኝ ራሷ የሺ ናት።

"ተይ ባንቺ" አለችኝ። "አሁን አጉርሶኝ፣ ፈርምልኝ ልበለው? እሱስ ምን ይለኛል?"

አያ ስንሻውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትክክል ብላለች ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ እርቅ ወርዶ፣ አብሮ ተበልቶ ወረቀት መጠየቅ እንደ ስድብ ነው። ያጎረሰህን ሰው "ሌባ ነህ" እንደ ማለት ነው። ደብተሩን መልሼ አስቀመጥኩት። ስንት ጊዜ በሕልሜ ያን ደብተር አውጥቻለሁ።

ወረቀቱ ቀረ እንጂ የሺ ግን በመንገዷ ተዘጋጀች። ቤት ሲሸጥ ሁሉም ወራሽ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ እንደሚፈርም ሰምታለች። ፊደል ረስታለች፤ በጣቴ አልፈርምም አለች። "የእናቴን ቤት በቀለም ጣት አልሸኝም" አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከመናኸሪያ ስትመለስ ሳፋዋን አስቀምጣ ከአጠገቤ ትቀመጣለች። እኔ እጇን ይዤ፣ የ፣ ሺ። የ፣ ሺ። "ሺ" ላይ ያለችውን ቅጥያ ረጅም አድርጋ ትስባታለች፤ እስክሪብቶውን ደግሞ እንደ ማማሰያ ነው የምትይዘው። በመጨረሻው ቀን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችና "አየሽ፣ መስመሩን አልለቀቀም" አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ቤቷ ሊሸጥ ነው፤ እሷ ግን ስሟን በመጻፏ ደስ ብሏት ነበር።

አሁን ወደ ራሴ እመጣለሁ።

ቤት ከመሸጡ በፊት ፍርድ ቤት ቀርቦ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ማስረጋገጥ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ነሐሴ ከገባ ለሁለት ወር ይዘጋል። ሐምሌ እየተጋመሰ ነበር። የቀጠሯችን ቀን ጧት ምናሉ እኔንና ደሴን ሻይ ልጋብዛችሁ ብሎ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት አስቀመጠን። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚደበድብ ጠጋ ብሎ ነው የሚናገረው። የሺ ቤት ናት፤ "ዛሬ የእኛ ሥራ ነው፤ አንቺ ለፊርማው ቀን ትመጫለሽ" ብሏታል።

"ሦስት ነን እንላለን" አለ።

"ምን ማለት ነው?" አልኩት።

"አራት ካልን ማስረጃ አምጡ ይላሉ። የጉዲፈቻ ወረቀት የት አለ? ቀጠሮው ለጥቅምት ይሆናል። ገዢው እስከ ጥቅምት አይቆይም፤ ሌላ ቦታ እያየ ነው። ያንቺም ኮሌጅ ምዝገባ መስከረም ነው። ነገሩን ቤት ውስጥ ጨርሰን የለ? ይሄ ለመንግሥት የሚባል ነው፤ የሺን አይመለከትም።"

ደሴን አየሁት። ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ምናሉ እያታለለኝ መሆኑን አላወቅሁም ብል ደስ ይለኛል። ግን አውቄያለሁ። ባሕር ዳር ያ ፋርማሲ የሚያስተምረው የግል ኮሌጅ፣ ነጭ ጋዋን፣ ከድንችና ከጭቃ መውጣት፤ ይሄ ሁሉ ከዓይኔ ፊት ተደርድሮ ነበር። "ቤት ውስጥ ጨርሰናል" የምትለዋን ቃል እንደ ጃንጥላ ይዤ ወደ ዝናቡ ወጣሁ፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ገባሁ።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው። ምናሉ ያመጣቸው ምስክሮች፣ ከቻግኒ የመጡ፣ ቤታችንን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች፣ ቃላቸውን ሰጡ። ከዚያ ዳኛዋ ተራ በተራ ጠየቁን። "ሟች ከእናንተ ከሦስታችሁ ሌላ ልጅ አላቸው?" ምናሉ የለም አለ። ደሴ የለም አለ፤ በሕይወቱ ያለ ማንም እርዳታ የተናገረው ብቸኛ ቃል ሳይሆን አይቀርም። እኔ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ምናልባት ሴት ስለሆንኩ፣ ምናልባት ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይተው፣ ደግመው ጠየቁኝ። "የለም? ሌላ እህት፣ ወንድም?"

"የለም" አልኩ።

ድምፄ ጥርት ያለ ነበር። እሱ ነው የሚያናድደኝ። ቢንቀጠቀጥ እንኳ ምን ነበረበት?

የፊርማው ቀን የሺ ከሁላችንም ቀድማ ለበሰች። ጥለት ያለውን ነጠላዋን አወጣች፤ ፀጉሯን ቅቤ ተቀባች፤ ከእኔ ደብተር ላይ የገነጠለችውን፣ ስሟን የጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ በጡቷ መሃል ከተተች፤ እጄ ፊደሉን ከረሳ አያለሁ ብላ ነው። እስክሪብቶም ገዝታለች። ማዘጋጃ ቤት ድረስ አብረን ሄድን። ጭቃው ነጠላዋን እንዳይነካ ጫፉን ሰብስባ፣ እኔን እየደገፈች፣ እኔን። በመንገድ ላይ ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

ሠራተኛው መዝገቡን ገለጠና ስም ጠራ። ምናሉ። ደሴ። ባንቺአየሁ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኛ አዞረ።

የሺ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆማለች። ሰውዬው አያትና "እርስዎ ምንድን ነዎት፣ ምስክር?" አላት። እሷ ወደ ምናሉ አየች። ምናሉ መዝገቡን ያነባል። ወደ ደሴ አየች። ከዚያ ወደ እኔ አየች። ብዙ አላየችኝም፤ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቢሆን ነው።

"ወራሽ ያልሆነ ሰው ውጭ ይጠብቅ" አለ ሰውዬው። በክፋት አይደለም፤ ወረፋ ነበረበት።

የሺ እስክሪብቶዋን ክዳኑን ገጠመች። ወጣች። እኔ ፈረምኩ።

ስንወጣ አልነበረችም። ቤት ስንደርስ ድንች ቀቅላ፣ ሚጥሚጣውን በትንሽ ሳህን አድርጋ ጠበቀችን። ምናሉ "ፍርድ ቤቱ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ፤ የመንግሥት ሕግ ነው" እያለ ብዙ አወራ። ቀጥሎም የዚያን ዓመት ትልቁን ነገር ተናገረ። "ቻግኒ እኔ ጋ ነይ። ሙቀት ነው፤ ጭቃ የለም። ልጆቹን ታሳድጊልኛለሽ።" በእናቷ ቤት ሽያጭ ዕለት የቤት ሠራተኝነት ቀጠራት። የሺ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። እሷ እንዲህ ስትል እምቢ ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ ከእኛ መሃል ምናሉ ብቻ ነበር።

በሳምንቷ፣ ከሽያጩ አንድ ብር ሳይደርሳት፣ ዕቃዋን በአንድ ባጃጅ ጭና አዲስ ቅዳም ሄዳ ቤት ተከራየች። ከመሄዷ በፊት ከጓሮው አንድ የቀርከሃ ችግኝ ከነሥሩ ነቅላ በጆንያ ጠቀለለች። አያ ስንሻው ነገሩን ሲሰሙ ምናሉን ሊያነጋግሩት ቻግኒ ድረስ ሄደው ነበር አሉ፤ ሱቁ ውስጥ የለም አስብሏቸው ተመልሰዋል። እኔ ኮሌጅ ገባሁ። ተመረቅሁ። ዳንግላ ይህችን መድኃኒት ቤት ከፈትኩ። የተደገፍኩበት ባንኮኒ፣ የመድኃኒቱ መደርደሪያ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ሁሉም ከዚያች "የለም" የወጡ ናቸው።

የሺን ሳልጠይቃት ቀርቼ አላውቅም። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እሄዳለሁ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ የወገብ መድኃኒቷን ይዤ። ትቀበለኛለች፤ ልጄን ታቅፋታለች፤ ቀርከሃው ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። ስለ ቤቱ ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ከእሷ ቤት ስመለስ ሁልጊዜ ምናሉን እየረገምኩ ነው የምመለሰው። ሚኒባሱ ዳንግላ እስኪገባ ድረስ በሆዴ ሰድቤው አልጠግብም። ባለፉት ዓመታት ያንን ንዴት እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ማክሰኞ ስልኩን ከዘጋሁበት በኋላ ሁለት ቀን አሰብኩ። መልእክቱን ላለማድረስ ወስኜ ነበር። ግን ደግሞ ስለ እሷ እኛ ስንወስንላት የኖርነው ይበቃል አልኩና ሐሙስ ከሰዓት ደወልኩላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምናሉ ያለውን አንድ ቃል ሳልጨምር ነገርኳት። "እህታችን አይደለች?" ያለውንም ነገርኳት፣ እንድትናደድልኝ ብዬ።

አልተናደደችም። "ቁስሉ ደርቋል?" አለች መጀመሪያ።

"እታለም፣ እንዳትሄጂ" አልኳት። "ዓይን አውጣ ነው። ያደረገሽን ረሳሽው?"

"ምንም አልረሳሁም።" ከበስተኋላዋ ድንች የሚያስመዝን ሰው ይሰማል። "አያ ስንሻው ዛሬም በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል እንጂ ጆሯቸው ይሰማል። ምናሉ እሳቸው ፊት ቆሞ፣ ፍርድ ቤት ያለውን ቃል ይመልስ። ስንት እንደሆንን ይናገር። ከዚያ በኋላ መሄድ አለመሄዱን እኔ አስብበታለሁ።"

"እሱ በምን እግሩ ይመጣል?" አልኳት። "ቢመጣስ የሚናገር ይመስልሻል? ምናሉን አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ። ምናሉ ያው ምናሉ ነው፤ ከእሱ ጠብቄ አላውቅም" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። "እኔ ስጠብቅ የኖርኩት ያንቺን ቃል ነው፣ ባንቺ። ስሜን እንድጽፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።"

ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትዝጋው አላውቅም። መልሼ አልደወልኩም። ባንኮኒዬን ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ገብታ የሳል ሽሮፕ ስትጠይቀኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ነገ ቅዳሜ ነው። መድኃኒት ቤቱን እዘጋለሁ። በሚኒባስ አዲስ ቅዳም እሄድና የሺን ከቤቷ ይዤ፣ ያንን የሁለት ሰዓት መንገድ አብረን እንሄዳለን፤ ዘንድሮም ጭቃ ነው። አያ ስንሻው ፊት ቆሜ የምናገረውን ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ በልቤ ሳመላልስ ነው የቆየሁት። ስለ ምናሉ ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉንም ቆርጬ ጣልኩት። የቀረችኝ አንድ ቃል ናት፣ እሷም አራት የምትለው ናት፤ ስለማመዳት ድምፄ ይንቀጠቀጣል።